ሶፍትዌር ገንቢ (ኢትዮጵያ)

ሶፍትዌር ገንቢ የኮምፒዩተርና የስልክ መርሐ ግብሮችን የሚነድፍ፣ የሚጽፍ፣ የሚፈትሽና ሲበላሹ የሚጠግን ባለሙያ ነው። በባለሙያዎቹ መካከል «ዴቨሎፐር» ወይም «ፕሮግራመር» የሚለው ይበልጥ ይሰማል። የሙያው ጠቅላላ ባሕርይ በየትም አገር ተቀራራቢ በመሆኑ፣ ይህ መጣጥፍ በኢትዮጵያ የያዘውን መልክ ብቻ ይመለከታል፤ በተለይም የግዕዝ ፊደል፣ የዘመን አቆጣጠሩና የሰዓት አቆጠራው ለሙያው የጨመሩለትን ሥራ።

የሥራ ቋንቋ

ገንቢዎች በሥራ ቦታ የሚነጋገሩት አማርኛና እንግሊዝኛ በተቀላቀለበት ቋንቋ ነው። ስሕተት «ባግ» ይባላል፤ ስሕተቱን አድኖ ማረም «ዲባግ ማድረግ» ነው፤ ማዕከላዊው ኮምፒዩተር አገልግሎት ሲያቆም «ሰርቨር ወደቀ» ይባላል። ሕዝቡ ለዚሁ ነገር የራሱ ቃል አለው። በባንክና በመንግሥት መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» ሲባል ባለጉዳዩ ወረቀቱን አጥፎ ይመለሳል። ያ ሐረግ ለገንቢው የሥራው መጀመሪያ ነው። መብራት ጠፍቶ ይሆን? ኔትወርኩ ተቋርጦ? ሰርቨሩ ሞልቶ? ወይስ ትናንት ማታ የተለወጠው ኮድ? ልምድ ያለው ሰው ከቀላሉ ጀምሮ ወደ ከባዱ ይሄዳል፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፤ ከለወጠ በኋላም ውጤቱን ያያል።

አመጣጥና የቀዳሚነት ክርክር

የአገሪቱ የሶፍትዌር ሥራ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው የግዕዝ ፊደልን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ከተደረገው ጥረት ነው። ከዚያ ቀደም በጽሕፈት መኪና ላይ ተመሳሳይ ትግል ነበር፤ በዚህ ረገድ የኢንጂነር አያና ብሩ ስም ይነሣል። በኮምፒዩተሩ ግን ቀዳሚው ማን ነው የሚለው ጥያቄ አሁንም ያከራክራል።

በአንድ ወገን በአሜሪካ ኮሎራዶ የኖሩት የእንስሳት ሐኪም ዶክተር አበራ ሞላ ይጠቀሳሉ። «ሞዴት» የተባለው የግዕዝ መጻፊያ ሶፍትዌራቸው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ አካባቢ እንደተሠራ ይነገራል፤ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የኢትዮጵያን ፊደል ስለማስገቢያ ዘዴ የአሜሪካ ፓተንት አግኝተዋል። በሌላው ወገን በካሊፎርኒያ የዳሸን ኢንጂነሪንግ መሥራች የሆኑት አቶ ፍስሐ አጥላው ይነሣሉ፤ የእሳቸውም ሥራ ከዚያው አሥርት ዓመት ጋር ይያያዛል። በአገር ውስጥ ከኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ጋር የሚጠቀሰው «አጋፋሪ» አለ። በኋላ በገበያ ላይ የዋሉት «ፓወር ግዕዝ» እና «ቪዥዋል ግዕዝ» በየጽሕፈት ቤቱ በብዛት ከመታወቃቸው የተነሣ፣ ብዙ ጸሐፊ «ግዕዝ» ሲል ፊደሉን ሳይሆን ሶፍትዌሩን ማለቱ ነበር።

የክርክሩ አንድ ምክንያት «መጀመሪያ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር መሸከሙ ነው። ፊደሉን በስክሪን ላይ መሣል አንድ ሥራ ነው፤ በቁልፍ ሰሌዳ እንዲጻፍ ማድረግ ሌላ ነው፤ ለገዢ ማቅረብ ሦስተኛ ነው፤ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ሳይበላሽ እንዲሄድ የሚያስችል ደረጃ ማውጣት አራተኛ ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ ሌላ ሰው ሊቀድም ይችላል። ስለዚህ የአንዱን ድካም ለማክበር የሌላውን መሻር አያስፈልግም።

እነዚህ ቀዳሚዎች ሁሉ የታገሉት ከአንድ ቁጥር ጋር ነበር። የዘመኑ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው። የአማርኛ ፊደል 34 ዋና ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ ብቻ 238 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ፣ ሥርዓተ ነጥቡና 20ው የግዕዝ አኃዝ ሲጨመሩ ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ከፋፈሉት፤ ብዙዎቹም የላቲኑን ፊደል ቦታ ለግዕዙ ሰጡት። ውጤቱን በ1990ዎቹ ዓ.ም. ቢሮ የሠራ ሰው ያስታውሰዋል፦ በአንዱ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ዝርዝር ይሆናል። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጁት «ሴራ» የተባለው ሥርዓት ፊደሉን በላቲን ሆሄያት ወክሎ በመላክ ችግሩን ለማለፍ የተደረገ ሙከራ ነበር።

መፍትሔው ዩኒኮድ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 (እ.ኤ.አ.) በወጣው በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቦታ አገኘ፤ በ2005፣ በ2010 እና በ2021 (እ.ኤ.አ.) ተጨማሪ ምልክቶች ገቡ። ሀ ቁጥሩ 4608 ነው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዘር 8 ተከታታይ ቦታ ተመድቧል፦ ለ 4616፣ ሐ 4624 እያለ ይቀጥላል። በዚህ የተነሣ ፊደል ገበታ የሒሳብ ሠንጠረዥ ሆኗል። ፕሮግራመሩ ለን ወደ ል መለወጥ ከፈለገ 5 ይደምራል፤ በ ላይም 5 ቢደምር ብ ያገኛል። ሕፃናት በየኔታ ፊት በዜማ የሚሉት ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ ቅደም ተከተል በማሽኑ ውስጥ ሳይናጋ ተቀምጧል።

በ2005ቱ ጭማሪ የገባው የማጥበቂያ ምልክት ቀደም ያለ ሐሳብ ነው። በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ እንዶዳም የተወለዱት ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) የሚጠብቁ ፊደላትን በላያቸው ነጥብ በማድረግ ለይተው ነበር። አጻጻፉ ባይለመድም ሐሳቡ ለዛሬ ንግግር አንባቢ ሶፍትዌር ዋና ጉዳይ ነው፤ «ገና» የሚለውን ሲያገኝ በዓሉን ይሁን «ገና አልመጣም» ያለውን መለየት ያለበት ማሽን ስለመጣ።

ብልሽት ፍለጋ

*ሞክሼ ፊደላት።* ተጠቃሚ «ፀሐይ» ብሎ ሲፈልግ መረጃው «ጸሃይ» ተብሎ ከተመዘገበ ማሽኑ «የለም» ይላል። የመጀመሪያው ፊደል ጸ ወይም ፀ፣ ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ስለሚችል አንዱ ቃል በ12 መንገድ ይጻፋል። የተለመደው መፍትሔ ተጠቃሚው የጻፈውን ሳይነኩ ለፍለጋ ብቻ ሁሉንም ወደ አንድ ወካይ ፊደል የሚመልስ ድብቅ ቅጂ መያዝ ነው። ሞክሼውን ከራሱ ከጽሑፉ መሰረዝ ግን የሰውን ስም ያበላሻል፤ ጥንቁቅ ገንቢ አያደርገውም።

*አጭር መልእክት።* በላቲን ፊደል አንድ አጭር መልእክት 160 ሆሄ ሲይዝ በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ይይዛል። አንድ መልእክት የነበረው በአማርኛ ሲጻፍ ሁለት ወይም ሦስት ይሆናል፤ ወጪውም እንደዚያው። ዩቲኤፍ-8 በተባለው አመዘጋገብም እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ለእንግሊዝኛ የተለካ ጠባብ የስም ሳጥን ረጅም ስምን የሚቆርጠው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

*ዘመን።* ብዙ ኮምፒዩተር ጊዜን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከውጭ የመጣ የምዝገባ ቅጽ 12 ወር ብቻ ስለሚያውቅ ጳጉሜን የተወለደ ሰው የልደት ቀኑን የሚያስገባበት ያጣል። ጳጉሜን 6 የተወለደ ደግሞ ይብሳል፤ ልደቱ በ4 ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ስሌት ግን ከኮምፒዩተር በፊት ነበረ። የቤተ ክርስቲያኑ የዘመን ቀመር፣ ባሕረ ሐሳብ፣ በቃል የሚማሩት ስልተ ቀመር ነው። ምሳሌ፦ የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 በምን ቀን ዋለ? 5500 ሲደመር 2016 ዓመተ ዓለሙን 7516 ይሰጣል። ለ4 ሲካፈል 1879 ይደርሳል፤ ይህ መጠነ ራብዒት ነው። ቀሪ ስለሌለው ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ቀሪው 1 ቢሆን ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ ይሆን ነበር። 7516 እና 1879 ተደምረው 9395 ይሆናሉ፤ ለ7 ሲካፈል 1 ይቀራል። በዚህ ቀመር 1 ማክሰኞ ነው፤ ዕለቱም ማክሰኞ ዋለ። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስለሆነ፣ ገንቢው በኮዱ ውስጥ የሚጽፈው «ለ4 ተካፍሎ 3 ከቀረ» የሚለው መስመር የአብነት ተማሪ ዘመኑን የሚለይበት ያው ቀሪ ነው።

*ሰዓት።* ተጠቃሚ «2 ሰዓት» ብሎ ቀጠሮ ሲይዝ ጠዋት ማለቱ ሲሆን፣ ማሽኑ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ሁለተኛ ሰዓት ይረዳል። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ችግሩ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይከብዳል፤ በማሽኑ ቀኑ ሲለወጥ በሰዎች ልማድ ገና ያው ሌሊት ነው። የሚመከረው በውስጥ በዓለም አቀፍ ሰዓት መመዝገብና ለተጠቃሚው ሲታይ ብቻ መለወጥ ነው።

*ስም።* ብዙ የውጭ ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያዊው ግን የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይዞ ይቀርባል። ዝርዝር በአባት ስም ሲደረደር ሰው ራሱን አያገኝም።

መብራትና ግንኙነት

የኢንተርኔት መቋረጥ ለሙያው ከባድ ፈተና ሆኖ ቆይቷል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጧል። በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተዘግቶ ነበር። ከርቀት ለሚሠራ ገንቢ ይህ ከእርሻው እንደተከለከለ ገበሬ ያደርገዋል። ለመብራት ባትሪና ጄኔሬተር አለ፤ ለተዘጋ ኢንተርኔት ግን ያለው መፍትሔ ከተማ መቀየር ወይም ሥራውን ማጣት ነው። ከዚህ የተነሣ ግንኙነት ሲጠፋ በስልኩ ላይ መዝግቦ ሲመለስ የሚልክ መተግበሪያ መሥራት የሙያው ተፈላጊ ችሎታ ሆኗል።

የሥራ መስኮች

የክፍያ ሥርዓት ዋነኛው ነው፤ ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። የትራንስፖርት መተግበሪያዎች (ራይድ፣ ፈረስ)፣ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ፣ እንዲሁም በ2013 (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ የተመሠረተው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅት አይኮግ ላብስ ተጠቃሽ ናቸው።

ጉባኤዎች

ጉባኤ ለገንቢው ከንግግሩ ይልቅ በመተላለፊያው በሚደረገው ጨዋታ ይጠቅማል፤ ለወር ያስቸገረን ባግ ሌላው ቀድሞ አይቶት ሊሆን ይችላል። ለኢትዮጵያውያን ትልቁ መሰናክል ቪዛ ነው። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ሞንትሪያል ላይ በተካሄደው ኒውሪፕስ የተባለ ታላቅ የማሽን ትምህርት ጉባኤ ለመገኘት ያመለከቱ ብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቪዛ ተከልክለዋል። ተመራማሪዎቹ ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ በ2017 (እ.ኤ.አ.) የመሠረቱት «ብላክ ኢን ኤአይ» ጉዳዩን በይፋ አንሥቶት ነበር።

«አይክለር» በሚል ምህጻር የሚታወቀው ሌላ ዓለም አቀፍ የማሽን ትምህርት ጉባኤ ከሚያዝያ 18 እስከ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሚሊኒየም አዳራሽ እንዲካሄድ ተወሰነ። እንግዳ ተቀባዩ አገር ለአንድ ጊዜ የእኛ ሊሆን ነበር። ኮሮና መጣና ጉባኤው በሙሉ በኢንተርኔት ተካሄደ። የአዳራሹ ዕድል ያለፈባቸው ተማሪዎች ቁጭት ተገቢ ነው፤ ሆኖም ጉባኤው በስክሪን በመካሄዱ ቪዛ የማያገኝ ሰውም ሊከታተለው ቻለ። 17ኛው የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ ግን ከኅዳር 19 እስከ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. እንግዶቹን በአካል ተቀብሎ በአዲስ አበባ ተካሂዷል።

ሕግ

ሙያውን የሚነኩ ዋና ዋና ሕጎች የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ናቸው።

ትምህርትና ምሥራቅ ጎጃም

የኮምፒዩተር ትምህርት በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» መርሐ ግብር ተጀምሯል።

ምሥራቅ ጎጃምን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ለምትገኘው አማኑኤል፣ እንዲሁም ለቢቸና ቅርቡ ዩኒቨርሲቲ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በቢቸና አቅጣጫ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርቱ የታወቀ ነው። በዚህ አካባቢ አድጎ ፕሮግራመር የሚሆን ልጅ ከሩቅ አገር በመጣ መጽሐፍ ላይ ስለ ቀሪና ስለ ተደጋጋሚ ዑደት ሲያነብ፣ ስልቱ በመንደሩ መሪጌታ ቃል ውስጥ የኖረ መሆኑን ቢያውቅ ይገባዋል። የማሽኑን ጳጉሜን ለማስተካከል የሚያስፈልገው እውቀት ግማሹ እቤቱ አለ።