«ውሃ አትስጡት፣ ይብስበታል»፦ ብዙ ሕፃናትን ያሳጣን ምክር እንዴት ተለወጠ?



ልጅ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው በብዙ ቤት የሚሰማ ምክር አለ፤ «ውሃ አትስጡት፣ ይብስበታል» የሚል። እናት ታጠጣዋለች፣ ወዲያው ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ምክሩ እውነት ይመስላል። አንዳንዱ ደግሞ «ግግ ነው» ብሎ ልጁን ድዱን ወደሚቆርጥ ሰው ይወስደዋል።

አያቶቻችንን ብቻ አንውቀስ። በአውሮፓና በአሜሪካ የነበሩ ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን «አንጀቱ ይረፍ» እያሉ ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ምግብ ይከለክሉ ነበር። ስህተቱ የጋራ ነው። ልጁን የሚገድለው በአብዛኛው ከሰውነቱ የሚወጣውና ሳይተካ የቀረው ውሃና ጨው ነው።

እንዴት እንደሚተካ የታወቀው ደረጃ በደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮበርት ክሬን የተባለ ተመራማሪ ስኳር የአንጀትን ግድግዳ የሚያልፈው ከጨው ጋር ተያይዞ መሆኑን አስረዳ። ሁለቱ ሲገቡ ውሃም ይከተላቸዋል። ይህ በር ልጁ ተቅማጥ ቢይዘውም አይዘጋም። በ1968 ደግሞ ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ በዳካ የኮሌራ ሕሙማንን ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውሃ በማጠጣት በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ በጣም እንደሚቀንስ አሳዩ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1971 ነው። ከባንግላዲሽ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ቦንጋዎን በምትባል የሕንድ የድንበር ከተማ ተጨናንቀው ሳለ ኮሌራ ገባባቸው። እኛ «ጉሉኮስ» የምንለው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ አለቀ። ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨው፣ ግሉኮስና ቤኪንግ ሶዳ በውሃ አስበጥብጦ በበርሜል አስቀመጠ። በኩባያ እየቀዱ ሕሙማኑን ያጠጡት በአብዛኛው እናቶች፣ አባቶችና እህቶች ነበሩ። ቀድሞ ከ100 ሕሙማን እስከ 30 ይሞቱ ነበር፤ በዚህ ዘዴ ወደ 4 ገደማ ወረደ።

ከዚህ ታሪክ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህንን ነው፤ ያን ጊዜ ሕይወት ያዳነው የቤተሰብ እጅ ነው።

ለእኛም ታሪኩ የሩቅ አይደለም። ጨፋ ሮቢትና ከሚሴ በወሎ ሥር በነበሩበት ዘመን፣ በ1966 እና በ1977ቱ ድርቅ በየመጠለያው የተሰበሰቡትን ሕፃናት ከረሃቡ ጋር ተደርበው የጨረሷቸው እንደ ተቅማጥና ኩፍኝ ያሉ በሽታዎች ነበሩ። ዛሬ ግን ኦ.አር.ኤስ በጤና ኬላና በፋርማሲ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ምክሩን እስከ ቀበሌ አውርዶታል። በ2006 ዓ.ም. የሮታ ቫይረስ ክትባት ተጨምሯል፤ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት ይሰጣል፣ እንዳያመልጣችሁ።

እንግዲህ ልጃችሁን ዛሬ ማታ ተቅማጥ ቢጀምረው፦

1. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። አንዱን ፓኬት ኦ.አር.ኤስ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ በጥብጡ፤ መጠኑ ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው። የቦርከናን ውሃ እንዲሁ እንዳለ አትጠቀሙ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት ካለፈ ድፉት።

2. ባስቀመጠው ቁጥር ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አንድ የቡና ሲኒ ያህል፣ ከዚያ በላይ ለሆነ አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል ስጡት። በማንኪያ፣ ቀስ በቀስ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ይበልጥ በዝግታ ቀጥሉ።

3. ጡት አታቋርጡ፤ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ አጥቡት። ምግብ የጀመረ ልጅ ገንፎውን፣ እርጎውን፣ ሩዙን ይብላ።

4. ዚንክ ከጤና ባለሙያ ተቀበሉ፤ ከ6 ወር በታች በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ እስከ 5 ዓመት 20 ሚሊ ግራም፣ ለ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ ቢቆምም አታቋርጡት።

5. ኦ.አር.ኤስ እስክታገኙ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፤ ሁሉም በልኩ የተላገ ይሁን። ጨው ከበዛ ይጎዳል።

ኦ.አር.ኤስ ተቅማጡን ወዲያው አያቆመውም። ሥራው የወጣውን መተካት ነው። ስለዚህ «አልሠራም» ብላችሁ አትተዉት። ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒንም ሆነ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ከራሳችሁ አትስጡት።

ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከጠፋ፣ ሰገራው ደም ካለው ወይም የሩዝ እጣቢ ከመሰለ እንዲነጋ አትጠብቁ። በመንገድ ላይም እያጠጣችሁት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከ6 ወር በታች ከሆነ ደግሞ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ባይታይበትም ቶሎ አሳዩት።

ቦንጋዎን ላይ የነበሩት እናቶች ሐኪም አልነበሩም። ኩባያ ይዘው ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ እንጂ። እናንተም ትችላላችሁ።

ይህን መልእክት ሕፃን ላለው ጎረቤታችሁ አንብቡለት።