ፍርድና ሰፊው ሕዝብ፤ ከመንገድ ዳኛ እስከ ቀበሌ ሸንጎ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» ይላል ያገራችን ሰው። በስደት ከምንኖርባቸው አገሮች መካከል በአሜሪካና በእንግሊዝ ተራው ዜጋ በጁሪ ተቀምጦ ስለ ተከሳሽ ጥፋተኛነት ሲወስን፣ በጀርመንም ከባለሙያው ዳኛ ጎን ሲሰየም ስናይ፣ አንዳንዶቻችን «ይህ ለኛ አገር ባዕድ ነው» ማለት ይቃጣናል። ታሪካችን ግን የሚመሰክረው ሌላ ነው።

በጥንቱ ልማድ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሹም ፍለጋ መሄድ ግድ አልነበረባቸውም። ከሳሽ ተከሳሹን «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያቆመዋል፤ በሕግ የተባለም ሰው ረግጦ መሄድ አይችልም። የነጠላቸውን ጫፍ ተቋጥረው፣ በዚያ የሚያልፈውን መንገደኛ ዳኛ ያደርጉታል። እሱም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያደምጣል። ተከራካሪዎቹ ቆመው በተጠየቅ ይፋጠጣሉ፤ ዋስ ይጠራሉ፤ በማር፣ በፈረስ፣ በበቅሎ ይወራረዳሉ። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ምስክር ነው። በመንገድ ዳኛ ፍርድ ያልረካ ወደ ጭቃ ሹሙና ወደ መልከኛው፣ ከዚያም እስከ አፈ ንጉሡና እስከ ዙፋን ችሎት ይዘልቃል። በትልቁ ችሎትም ቢሆን በፍርዱ ላይ አስተያየት የሚሰጠው ከታናሹ ተጀምሮ ወደ ታላቁ ነበር፤ በመሆኑም ታናሹ የታላቁን ቃል አስቀድሞ ሰምቶ ለመከተል አይመቸውም።

ወንጀለኛው ባልታወቀ ጊዜ ደግሞ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ይደረጋል። ያገሩ ሰው በሜዳ ተሰብስቦ ያወቀውን እንዲናገር ይጠየቃል፤ ስሙ ሳይገለጥ የሚጠቁመውም «ወፍ» ይባላል። ጥፋተኛው ካልተገኘ የጠፋውን ንብረት ያገሩ ሰው በጋራ ይከፍላል። እንግዲህ ፍርድ የሕዝቡ መብት ብቻ ሳይሆን ሸክሙም ነበር ማለት ነው።

ይህን ስንል ያለፈውን ሥርዓት ለማወደስ አይደለም። ጭሰኛው ከባለ ጉልቱ ጋር በተጣላ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ዳኛው ያው ባለ ጉልቱ ነበር። ድኻው የሚወራረድበት በቅሎ አልነበረውም። በአውጫጭኝ ገበሬው እርሻውን ጥሎ ለቀናት ይታገታል። በሌባ ሻይ ዘመንም መድኃኒት የጠጣ ልጅ ተደናብሮ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ማንም ዳኛ ሊሆን ይችላል ማለት፣ ሁሉም በዳኛ ፊት እኩል ነበር ማለት አይደለም።

ዘውዳዊው መንግሥት በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግን፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግን አወጀ። ሁለተኛውን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የዚሁ ሕግ ቁጥር 3347 ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ በልማድ ይሠራባቸው የነበሩትን ደንቦች ሻረ። የተጻፈ ሕግ መኖሩ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ነገር ግን ትናንት በጥላ ሥር ይሟገት የነበረው ገበሬ፣ ዛሬ ቁጥር ጠቃሽ ካልያዘ አንደበቱ የተያዘ ሆነ። ለአጥቢያ ዳኛው የቀረለት ስድብንና ቀላል ድብደባን የመሰለ ጉዳይ ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ የፈቀደለትም መቀጮ ከ15 ብር አያልፍም።

ከዚያ በኋላ አብዮቱ መጣ። በ1967 ዓ.ም. በየካቲት የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገበሬ ማኅበራትን፣ በሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ከነፍርድ ሸንጎዎቻቸው አቋቋመ። ጎረቤት የመረጠው ጎረቤት ሊዳኝ ነው! ከኛ በፊት በተማሪው ንቅናቄ የታገሉት ብዙዎች የተመኙት ይህንኑ ነበር። ይሁን እንጂ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን ያው የቀበሌ ግቢ እስር ቤት ሆነ። በሰፊው ሕዝብ ስም «ነፃ እርምጃ» ተብሎ ያልተጠየቀ፣ ያልተሟገተ፣ ዋስ ያልጠራ ወጣት ተገድሎ በአደባባይ ተጣለ። አያቶቻችን ዳኛ አስቀምጠው የተሟገቱበት መንገድ ሬሳ የሚታይበት መንገድ ሆነ፤ የሚያልፈውም መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ለማለት ቀርቶ ቆሞ ለማየት ፈራ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? የሕዝብ ፍርድ የሚያሰኘው የፈራጁ ብዛትም ሆነ ስሙ አይደለም። ተከሳሹ በአደባባይ ተጠይቆ የመመለስ፣ ሰሚውም ሳይፈራ ያመነበትን የመናገር መብት ሲኖራቸው ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በቁጥር 34 እና 78 ለባህላዊ ዳኝነት በር ከፍቷል፤ ነገር ግን ይህ መብት ካልተጠበቀ የመንገድ ዳኛም ሆነ ሸንጎ ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በያለንበት አገር በተጠየቅ ሲሟገቱ ያዩ አረጋውያን ሳያልፉ የሚያስታውሱትን እንጻፍ። በየማኅበራችንም ጠብ ሲነሣ፣ ወንድማችንን ወይም እህታችንን «ከሃዲ» ብለን ከመፈረጃችን በፊት ቁጭ ብለን ቃላቸውን እንስማ። በገዛ ስብሰባችን ሰውን ሳንጠይቅ የምንፈርድ ከሆነ፣ ላገራችን የምንመኘውን ፍትሕ ከየት እናመጣዋለን?