ቀሪቦ፦ በከሚሴና በአካባቢዋ የገብስ መጠጥ ታሪክ

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው በከሚሴና በዙሪያዋ የሚኖረው ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ፣ የአካባቢው የመጠጥ ታሪክ በጠላና በጠጅ ብቻ ከተተረከ ዋናው ክፍል ይጎድለዋል። ይህ የሚጎድለው ክፍል ቀሪቦ ነው፤ ቀሪቦ በሠርግና በዒድ የሚቀርብ፣ ከተቆላ ገብስ የሚዘጋጅ ጣፋጭ መጠጥ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ እንደ ጎደሎ ጠላ መቆጠሩ ተገቢ አይደለም።

ጠላ የሚጠመቀው በብቅልና በጌሾ ነው። ብቅል ተዘፍዝፎ ከበቀለ በኋላ የደረቀ እህል ሲሆን፣ ጌሾ ደግሞ ለመጠጡ ምሬት የሚሰጥ ቅጠል ነው። ጠማቂዋ ሁለቱን በውሃ በጥብጣ ጥንስስ የሚባለውን መነሻ ካዘጋጀች በኋላ፣ ቂጣና አሻሮ፣ ማለትም ተቆልቶ የተፈጨ እህል፣ ጨምራ ድፍድፍ ታደርገዋለች፤ በመጨረሻም በወይራ ጭስ በታጠነ ጋን ውስጥ ውሃ ሞልታ አፉን ትደፍናለች። በቀሪቦ ግን ብቅልም ጌሾም የለም፤ ያልበቀለ ገብስ እስኪጠቁር ተቆልቶ በውሃ ይፈላል፣ ቀዝቅዞ ይጠለላል፣ ከዚያም ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት አድሮ በማግስቱ ይጠጣል።

ከዚህ አሠራር ለታሪክ ጸሐፊ የሚጠቅም ድምዳሜ ይገኛል። በጠላ ውስጥ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ብቅሉ ስለሆነ፣ ብቅል በሌለበት ቀሪቦ ጣፋጭነቱም ሆነ አረፋው የሚመጣው ከውጭ ከሚጨመረው ስኳር ነው። ስኳር ደግሞ ከውጭ የሚገባ ውድ ዕቃ ሆኖ ቆይቶ በአገር ውስጥ በፋብሪካ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 በወንጂ ነበር። ስለዚህ ዛሬ በየሠርጉ የሚቀዳው ቀሪቦ፣ የገብስ አቆላሉ የቆየ ጥበብ ቢሆንም፣ አሁን ባለው መልኩ በየቤቱ የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው ማለት ያስደፍራል። ይህም የእናቶችን ሙያ ከፍ የሚያደርግ እንጂ ዝቅ የሚያደርግ አይደለም፤ የነባሩን መጠጥ ቀለምና የተቆላ ገብስ መዓዛ ጠብቀው፣ ገበያ ባመጣው ስኳር ለእምነታቸው የሚስማማ መጠጥ አበጅተዋልና።

የማደሪያው ጊዜ ማጠርም ያለ ምክንያት አይደለም፣ ቀን በጨመረ ቁጥር አልኮሉም ስለሚጨምር። በሐዲስም ነቢዩ ሙሐመድ ነቢዝ የተባለውን፣ ተምር ወይም ዘቢብ በውሃ ተዘፍዝፎ የሚዘጋጀውን መጠጥ ይጠጡ እንደነበር፣ ነገር ግን ከሦስት ቀን በላይ እንደማያቆዩት ተዘግቧል።

ገብሱ ራሱ የአካባቢው ግንኙነት ምስክር ነው። ከሚሴ በቦርከና ሸለቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ምድሯ ይበልጥ የሚስማማው ለማሽላና ለጤፍ ሲሆን፣ ገብስ የደጋ እህል ነው። በዞኑ ውስጥ የሰንበቴ የእሑድ ገበያና የባቲ የሰኞ ገበያ ደገኛውን፣ ኦሮሞውን፣ አርጎባውንና አፋሩን ሲያገናኙ የኖሩት እንዲህ ባለው የደጋና የቆላ ምርት ልውውጥ ነው።

በኮምቦልቻ ከተማ ያለው የቢራ ፋብሪካ የተቋቋመበት ዘመንና የምርቱ መጠን በመዝገብ ሰፍሮ ይገኛል፤ የቀሪቦ መዝገብ ግን የእናቶች እጅና ትውስታ ብቻ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች ያሉት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ስኳር በየቤቱ ከመግባቱ በፊት የነበረውን አዘገጃጀት የሚያስታውሱ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን ሊቀርጹ ይገባል።