የአሜሪካ ፉትቦል ‹‹ድራፍት››፡- የመጀመሪያው ዙር ትንበያ ለምን ይስታል?

እንቁላል መሰል ኳስ በእጅ ተይዞ በሚሮጥበት የአሜሪካ ፉትቦል፣ ከዩኒቨርሲቲ ቡድን የሚመጣ ጎበዝ ተጫዋች ክለቡን አይመርጥም፤ ክለቡ ነው የሚመርጠው፡፡ ‹‹ድራፍት›› የሚባለው ይህ ዓመታዊ ምርጫ እ.ኤ.አ. በ1936 የተጀመረ ሲሆን ዛሬ በሰባት ዙር ይካሄዳል፡፡ ኤንኤፍኤል የተባለው ሊግ 32 ክለቦች አሉት፡፡ በውድድር ዘመኑ የከፋ ውጤት ያመጣው መጀመሪያ፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ ይመርጣል፡፡

ተራው አስቀድሞ ስለሚታወቅ መተንበዩ ቀላል ይመስላል፡፡ ነገር ግን ተራ በተጫዋች ወይም በሌላ ተራ ይለወጣል፡፡ አንድ ክለብ ተራውን በለወጠ ቁጥር ከዚያ በታች ያለው ግምት ሁሉ ይፋለሳል፡፡ ደግሞም ተንታኙ የሚጠይቀው ማን ጎበዝ እንደሆነ ነው፤ ክለቡ ግን የሚያየው ምን እንደጎደለው ነው፡፡ የሐኪም ምርመራውና የቃለ መጠይቁ ውጤትም ያለው በክለቡ እጅ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ2025 ብዙ ተንታኞች በመጀመሪያው ዙር ያስቀመጡት ሸዱር ሳንደርስ በአምስተኛው ዙር 144ኛ ሆኖ ተመረጠ፡፡ ጉዳቱ የክብር ብቻ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2011 የኅብረት ስምምነት ወዲህ የአዲስ ተመራጭ ክፍያ በአብዛኛው የሚወሰነው በተራ ቁጥሩ ነውና ልዩነቱ በሚሊዮን ዶላር ይቆጠራል፡፡

ክለቦቹም ቢሆኑ ይሳሳታሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2000 ቶም ብሬዲን እስከ 199ኛው ተራ ድረስ አልፈውት ነበር፤ እሱ ግን ሰባት ጊዜ ሱፐር ቦውልን አሸነፈ፡፡ ስለዚህ ትንበያ ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም፡፡ ሲያነቡት ‹‹ማን ይበልጣል?›› ከማለትዎ በፊት ‹‹የትኛው ክለብ ምን ጎደለው?›› ብለው ይጠይቁ፡፡