የድሮን ቀን በጨረቃ መፈለግ

እኛ ባደግንበት አገር ዓመት ስም እንጂ ቁጥር አልነበረውም። በጎንደር ገጠር አንድን ሽማግሌ «መቼ ተወለዱ?» ብትሏቸው «ክፉ ቀን ካለፈ በኋላ» ወይም «ጣሊያን ሲገባ» ይሏችኋል እንጂ ቁጥር አይጠሩም። ይሄ አለማወቅ አይደለም። ክፉ ቀን ማለት ከብቱ በበሽታ አልቆ ሕዝቡ የተራበበት፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡም በዚያው ቀን በ1933 ተመለሱ። ሽማግሌው ዓመቱን ነግረዋችኋል፤ መፍታቱ የእናንተ ፈንታ ነው።

እስራኤል ከገባን በኋላ ግን ወረቀቱ ሁሉ ቁጥር ጠየቀን። ብዙዎቻችን የልደታችን ቀን ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተጻፈ። በመታወቂያ ላይ ይሁን፣ ግድ የለም። ለመቃብር ድንጋይና ለተዝካር ሲሆን ግን ቀኑ እውነተኛ መሆን አለበት፤ ካዲሽ የሚባለው በዚያ ቀን ነውና። ስለዚህ ለራሴም ለዘመድም ቀን ስፈልግ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የተማርኩትን ለልጆቻችን ልጻፍላቸው።

መጀመሪያ ዓመቱን መቀየር ነው። የኢትዮጵያ ቁጥር ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ በ7፣ ከጃንዋሪ 1 በኋላ ደግሞ በ8 ያንሳል። ይሄ ቀላል ነው። ቀኑን መቀየር ግን ወጥመድ አለበት። በዛሬ ጊዜ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በ12። ሰው ይሄንኑ ይዞ ወደ ጥንቱ ከሄደ ይስታል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ ያለማቋረጥ አንድ ቀን ጳጉሜን ላይ ይጨመራል። ፈረንጆቹ ግን በ1700፣ በ1800 እና በ1900 ያንን ቀን ዘለሉት። ስለዚህ ከ1900 በፊት ለሆነ ነገር ከፈረንጁ አንድ ቀን፣ ከ1800 በፊት ለሆነ ሁለት ቀን መቀነስ አለባችሁ።

አድዋን ተመልከቱ። ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር። በዓሉ ዛሬ በማርች 2 ይከበራል፤ የታሪክ መጻሕፍት ግን ማርች 1 ቀን 1896 ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። በመካከላቸው ያለው በ1900 የተዘለለው ያ አንድ ቀን ነው።

ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ደግሞ ዓመቱን በአራቱ ወንጌላውያን ስም ይጠሩ ነበር፤ እኛም ከእነሱ እንሰማው ነበር። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ በዓመቱ ላይ 5500 ትደምሩና ለአራት ታካፍላላችሁ። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 1888 ሲደመር 5500፣ 7388 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈል ምንም አይተርፍም፤ አድዋ በዘመነ ዮሐንስ ነበር ማለት ነው። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በሉቃስ መጨረሻ ብቻ ነው። አንዲት እናት «ልጄን የወለድኩት በስድስተኛዋ ጳጉሜን ነው» ካለች፣ ከአራት ዓመት ሦስቱን ጣለችላችሁ።

የእኛ የቤተ እስራኤል ትልቁ ምስክር ግን ጨረቃ ናት። ቄሶቻችን አንዱን ወር 29፣ አንዱን 30 ቀን እያደረጉ ይቆጥሩ ነበር። በየወሩ መባቻ የጨረቃ በዓል ነበረን፤ ብርሃን ሰረቀ፣ አስተሰርዮ፣ ስግድ ሁሉ የሚገኙት በጨረቃ ነው። እዚህ ያገኘነው የአይሁድ አቆጣጠርም በጨረቃ ሆኖ፣ በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ አንድ ወር ይጨምራል። የቄሶቻችን ወር አጨማመር ከዚህ ይለይ ስለነበረ የወሩ ስም አንዳንዴ ላይገጥም ይችላል። ጨረቃዋ ግን ያችው አንዷ ናት።

ሌላው ምስክር የሳምንቱ ቀን ነው። ሰኞ በየትኛውም አቆጣጠር ሰኞ ነው። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሰኞ፣ በክርስቲያኖች ፋሲካ ማግስት ነው። በዛሬው አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ኤፕሪል 14 ነው፤ አንዱን ቀን ስንቀንስ ኤፕሪል 13 ቀን 1868 እናገኛለን፤ እሱም በእርግጥ ሰኞ ነበር። በዕብራይስጡ ኒሳን 21 ቀን 5628፣ የፔሳሕ ሰባተኛው ቀን ነው። ቀኑ ማክሰኞ ላይ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡን እንደገና እንጀምር ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። እናቴ ያረፈችው ሱዳን ውስጥ፣ ኡም ራኩባ መጠለያ ነው። ታላቅ እህቴ «በ1976 ነው» ትላለች፤ አጎቴ «የለም፣ በ1975 ነው» ይላሉ። በዚህ የተነሳ ስንት ዓመት ተዝካሯን በአንድ ቀን ሳናደርግ ቀረን። ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር ግን ነበር። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው፤ እንቁጣጣሽ ሁለት ሳምንት አልቀረውም። አዲሷ ጨረቃ ማክሰኞ ማታ ታየች፤ እናቴ በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ሰንበት ከገባ በኋላ አረፈች።

እንግዲህ ሁለቱን ዓመታት አስተያየሁ። በ1975 አዲስ ጨረቃ የወጣችው በነሐሴ መጀመሪያና ከዚያ በጳጉሜን ነው፤ በነሐሴ መጨረሻ ሰማዩ ላይ የነበረችው አሮጌዋ ናት። በ1976 ግን ኤሉል የገባው ነሐሴ 22 ማታ ነው፤ ያውም ማክሰኞ። ዓርቡ ነሐሴ 25፣ በፈረንጅ ኦገስት 31 ቀን 1984 ይሆናል። ፀሐይ ጠልቃ ስለነበር በዕብራይስጡ ቀኑ አልፎ ቅዳሜ ገብቷል፤ ኤሉል 4 ቀን 5744። የ1977 ነሐሴማ አይታሰብም፤ የሙሴ ዘመቻ ከኖቬምበር 21 ቀን 1984 እስከ ጃንዋሪ 5 ቀን 1985 ሲካሄድ ነው እኛ የመጣነው። አጎቴ ሒሳቡን ሰምተው ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያው ኤሉል 4 ይሁን» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም ተዝካሯን በአንድ ቀን እናደርጋለን።

ይሄ ለሁሉም አልደረሰም። በሱዳን መንገድና መጠለያ ያለቁት ወገኖቻችን ወደ 4,000 ይገመታሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ቀናቸውን የሚያውቅ ሰው አልተረፈላቸውም። ለእነሱ ኢያር 28፣ በኢየሩሳሌም ቀን፣ በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ይደረጋል። የጋራ ቀን መኖሩ መልካም ነው። ቢሆንም የራሱን ቀን ማግኘት የሚቻልለት ሰው በጋራው ቀን ብቻ መቅረት የለበትም።

ስለዚህ ልጆች፣ አያቶቻችሁን «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች ወይስ አዲስ? ቀኑ ሰንበት ነበር ወይስ ገበያ? ጤፉ ታጭዷል ወይስ ገና ነው? ፀሐይ ጠልቃ ነበር? በዚያ ዓመት ጎረቤት ማን አገባ? ይሄንን ጠይቁና ጻፉት። ቁጥሩን ቆይታችሁም ማውጣት ትችላላችሁ። ምስክሩ ግን ያለው እነሱ ጋ ነው፤ እነሱም እያለቁ ነው።