ሞራ፣ ቦርጭና የሰባ ሰባት ልጆች

በወሎ በግ ሲታረድ ሞራው በጥንቃቄ የሚገፈፍበት ምክንያት ነበረው። ሽማግሌው ያን ስስ ነጭ መረብ ወደ ብርሃን ዘርግቶ ደም ሥሮቹን ያጤናል፤ ከዚያም ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰላሙ፣ ስለ ቤቱ ዕጣ ይናገራል። ሞራ ገላጭ ይሉታል። የሰው አንጀትም እንዲህ ያለ ሞራ ለብሷል። የስኳር ሕመምተኛን የልብ ዕጣ ከዚያ ማንበብ እንደሚቻል ሐኪሞች የተረዱት ግን በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው።

የማርሴዩ ሐኪም ዣን ቫግ እ.ኤ.አ. በ1947 ውፍረትን ለሁለት ከፈለው፦ ሆድና ደረት ላይ የሚከማች፣ ዳሌና ጭን ላይ የሚያርፍ። በ1956 ደግሞ ስኳርና የደም ሥር መደደር የሚከተሉት የፊተኛውን መሆኑን ጻፈ። ለረጅም ጊዜ ሰሚ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1984 የስዊድኗ ጎተንበርግ ተመራማሪዎች ለዓመታት የተከታተሏቸውን 792 ወንዶችና 1,462 ሴቶች ውጤት አወጡ። የወገብን ልክ ለዳሌ ልክ ሲያካፍሉ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ማንን እንደሚይዝ ከክብደት ይልቅ ይኸው ስሌት አመለከታቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዳሌ ስብ እንደ ጎተራ የተሰጠውን ይዞ ይቀመጣል። ከሞራ የሚለቀቀው ስብ ግን በደም ሥር በቀጥታ ጉበት ይገባል፤ ጉበቱም ለኢንሱሊን መታዘዝ ያቅተዋል። ስኳሩ ይጨምራል፣ የደም ቅባቱ ይበላሻል፣ የልብ ደም ሥር እየጠበበ ይሄዳል። ስኳር ያለበት ሰው እንዲያውም ለልብ ሕመም ያለው ተጋላጭነት ከሌላው እጥፍ ያህል ነው።

ያ 1984 ለወሎ ሰባ ሰባት፣ የረሃቡ ዘመን ነው።

ስዊድኖቹ የወገብ ልኬታቸውን ውጤት ሲያወጡ በኮረም ሜዳ ላይ ሰው በረሃብ ይረግፍ ነበር። ሁለቱ ታሪኮች የተገናኙት ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ቆይተው፣ ከደሴ በስተሰሜን በራያ ቆቦ ነው። እዚያ የተደረገ ጥናት ረሃቡን በእናታቸው ማህፀን ያሳለፉት ሰዎች፣ ረሃቡ ካለፈ በኋላ ከተፀነሱት ይልቅ፣ ቦርጭ፣ የደም ግፊትና የስኳር መጨመር ተደራርበው እንደሚታዩባቸው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት በረሃብ በተቀጣችው ሆላንድ ያኔ በማህፀን የነበሩ ልጆችም ካደጉ በኋላ ሰውነታቸው ስኳርን መቆጣጠር ከብዶት ነበር። በእጦት የተሠራ አካል ጥጋብ ሲመጣ ይቸገራል።

ጥጋቡም ቢሆን መልኩን ቀይሮ መጣ። ትናንት የሐረጎን ዳገት በእግሩ ወጥቶ ደሴ ገበያ የሚደርሰው ሰው ዛሬ መኪና ውስጥ ነው፤ የከተማውን ዳገት ባጃጅ ይወጣለታል። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት ኮምቦልቻም በማሽን ፊት ተቀምጠው የሚውሉ ሠራተኞችን አበዛች። ረሃብን ለሚያውቅ ሕዝብ ቦርጭ የኑሮ መቃናት ምልክት ሆኖ መቆየቱ አያስገርምም። ማንም ሰው ልጁ ሲከሳ እንጂ ሲወፍር አይደነግጥም።

ሚዛን ብቻውን ያታልላል፤ እጅና እግሩ የቀጠነ ሰውም ሞራ ሊያከማች ይችላል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2005 ለአፍሪካ ያወጣው የአደጋ መነሻ የወገብ ልክ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ነው። ልኩ ግን የራሷ መረጃ እስኪገኝ ከአውሮፓ የተወሰደ ነበር።

የሰባ ሰባት ልጆች አሁን ዐርባን ተሻግረዋል፤ ልብ የሚፈተንበት ዕድሜ ላይ ናቸው። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ለስኳር ክትትል ሲቀርቡ፣ ካርዳቸው ላይ ከክብደታቸው ጎን የወገባቸው ልክ፣ ከዚያም ጎን እናታቸው በሰባ ሰባት የት እንደነበረች ሊጻፍ ይገባል።