የጋራ አልበም፦ የጉዞ ፎቶን አንድ ቦታ ስለ ማሰባሰብ

«ሼርድ አልበም» የሚለው ነገር በየስልኩ አለ፤ የሚጠቀምበት ሰው ግን ጥቂት ነው። በአማርኛ «የጋራ አልበም» እንበለው። አንድ ሰው ይከፍተዋል፣ የሚፈልጋቸውን ሰዎች በሊንክ ይጋብዛል፤ የተጋበዘው ሁሉ ያነሳውን ፎቶና ቪዲዮ ያስገባበታል፣ የሌላውንም ያያል፣ ያወርዳል። ጉግል ፎቶስ ይህን አገልግሎት የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ አፕልም የራሱ አለው።

«እኛማ የቴሌግራም ግሩፕ አለን» የሚል አይጠፋም። ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ቤተሰብ እንውሰድና ግሩፑ የት እንደሚያደርሰው እንይ። መንገዱ ሰላም ከሆነ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአባይ በረሃን ቁልቁለት ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ደጀን አፋፍ ላይ ሲደረስ መኪናው ይቆምና ሁሉም ስልኩን ያወጣል። ከተራ አለ፣ ጥር 11 አለ፣ በማግስቱ ሚካኤል አለ። ጊዜ ያለው ወደ ጮቄ ይወጣል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ በዚያ ብርድ ከጅብራ ተክል ጎን ቆሞ ፎቶ ሳይነሳ የሚወርድ የለም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ደግሞ ዲማ ጊዮርጊስን ሳያይ መመለስ አይሆንለትም። ሲመለሱ ፎቶው አሥር ስልክ ላይ ተበትኗል። የአያት ፎቶ የልጅ ልጅ ስልክ ላይ ነው፣ የልጅ ልጁ ፎቶ የሾፌሩ ስልክ ላይ። «ኧረ ላኩልኝ!» የሚለው ልመና እስከ ሁዳዴ ይቀጥላል። ልቡ የራራለት ሰው ግሩፑ ላይ ሃያ ሠላሳውን ይጥላል፤ ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ በሳምንቱ የጥሪ ካርድ ከላይ ከላይ ይደረደርበትና ፎቶው ወዴት እንደገባ አይታወቅም።

ከመበተኑ ይልቅ የሚጎዳው ግን ማነሱ ነው። አንድ ባለ 12 ሜጋፒክስል ፎቶ ረጅም ጎኑ 4,000 ያህል ነጥብ አለው። ያው ፎቶ በቴሌግራም በተለመደው አላላክ ሲሄድ ወደ 1,280 ይወርዳል፤ ከጠቅላላው ነጥብ የሚቀረው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው ማለት ነው። ስልክ ላይ ልዩነቱ አይታይም። ፎቶ ቤት ወስዳችሁ «አሳድጉልኝ» ስትሉ ይታያል። ጥርት ብሎ የሚታተመው 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ሲለጠጥ ፊት ይደበዝዛል፣ የቀሚሱ ጥለት ይቀላቀላል።

ነገሩን የማነሳው ለግድግዳ ጌጥ ብዬ አይደለም። በእኛ አገር ትልቅ ፎቶ በጥድፊያ የሚፈለገው ብዙውን ጊዜ ለቅሶ ቤት ነው። አዛውንቱ ሲያርፉ በፍሬም የሚቆም ፎቶ ይፈለጋል፤ ስልክ ሁሉ ይበረበራል፤ የሚገኘው ግሩፕ ላይ የተጣለችው ትንሿ ናት። በጥምቀት ነጭ ለብሰው የሳቁባት ዋናዋ ፎቶ የነበረችበት ስልክ ተሽጧል ወይም ተሰርቋል። ለአርባውም ለሙት ዓመቱም የምትታተመው ያችው ደብዛዛ ትሆናለች። የጋራ አልበም ከምንም በላይ ለዚህ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

ስለ ስያሜው ጥቂት ልበል። «የተጋራ አልበም» የሚሉ አሉ፤ ለጆሮ ግን ተከፋፍሎ ያለቀ ነገር ይመስላል። «የወል አልበም» ለጎጃም ገበሬ ቅርብ ነው፤ የወል ግጦሽ ያውቃልና። ከተሜው ግን ቃሉን የሚያስታውሰው ከሰዋስው ትምህርት፣ ከ«የወል ስም» ነው። «የጋራ» ሲባል ማንም ሳይጠይቅ ይገባዋል። «አልበም» እንደሆነ ከሰርግ ፎቶ ጋር ገብቶ ቤተኛ ሆኗል፤ ቡናው እስኪፈላ ለእንግዳ የሚሰጠውን ወፍራም ጥራዝ ሌላ ስም የሚጠራው የለም።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ፣ የስልኩ ዓይነት ድብልቅ ከሆነ የጉግሉ ይሻላል። በአፕሉ፣ አንድሮይድ የያዘ አጎት ማየት እንጂ ማስገባት አይችልም። ጉግል ላይ የጥራት ምርጫው «ኦሪጅናል» የሚለው ይሁን፤ ነፃው ቦታ 15 ጊጋባይት ብቻ መሆኑን፣ ከእሱም ኢሜይሉ እንደሚወስድ እያሰባችሁ። አንድ ሰው ያስገባውን ፎቶ ከአካውንቱ ካጠፋው ከአልበሙም ይጠፋል፤ ስለዚህ የወደዳችሁትን አውርዳችሁ ያዙ። ሊንኩ እጁ የገባ ሁሉ ሊያይ ስለሚችልም ሰፊ ግሩፕ ላይ አይጣል፤ ሕፃናት ያሉበት ከሆነ ደግሞ በጭራሽ።

ሰዓትም ያጣላል። በአልበሙ ውስጥ ፎቶ የሚደረደረው በተነሳበት ሰዓት ነው። ከዋሽንግተን የመጣችው እህት የካሜራዋን ሰዓት ካላስተካከለች በጥር ወር 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ጧት 3 ሰዓት ላይ ያነሳችው የጠበል ርጭት ሌሊት 7 ሰዓት ሆኖ ይገባና ከማሕሌቱ ጋር ይደባለቃል።

ኢንተርኔት ከሌለስ? የአማራ ክልል ሰው ይህን ጥያቄ በኑሮው ያውቀዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ኔትወርክ በሌለበት ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ የሚሻገረው በዜንደርና በሼርኢት፣ አለዚያም በፍላሽ ነው። አልበም የግድ ኢንተርኔት ላይ ይሁን ያለ የለም። ከመለያየታችሁ በፊት ባለችው ማታ ሁሉም ፎቶውን ወደ አንድ ላፕቶፕ ይገልብጥ፤ ለየሰዉ ፎልደር ይከፈትለት፤ ሁለት ፍላሽ ላይ ይባዛ፤ አንዱ ደብረ ማርቆስ ይቅር። በዚህ መንገድ የሄደ ፎቶ አያንስም፤ ከግሩፑ በብዙ ይሻላል። ቴሌግራም ግድ ከሆነም «ፋይል» በሚለው በኩል ላኩት፤ እንዳለ ይደርሳል፤ እስከ 2 ጊጋባይት የሆነ ፋይል ይቀበላል።

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማን ይክፈተው በሚለው ላይ ነው። «አንተ ክፈተው፣ አንቺ ክፈችው» ሲባባሉ በዓሉ ያልፋል። ከቤተሰቡ ስልክ መነካካት የሚወድ አንድ ወጣት ምረጡ፣ ከአዲስ አበባ ሳትወጡ አስከፍቱት፣ የአያቶችን ፎቶ ሁሉም በመጀመሪያ እንዲያስገባ አደራ በሉ።